«የጓሳ ማዶ ልቅሶ»ን የጻፈው ማን ነው?

ጎተቦርግ፣ ስዊድን
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘመዴ ለተገኘ ልጅ ለሰርካለም፤

የመንዝ ቁር በአንቺ ላይ ይለዝብ፣ ጎተራችሁ ከገብስ ደጃፋችሁም ከእንግዳ አይጉደል እያልኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ። የስልኩ መስመር እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ እንደ ድሮው በሰው እጅ ደብዳቤ መላክ መረጥኩ።

ልጄ ሰርካለም፣ የምሥራች አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር ትራም እየነዳሁ በልቤ ይዤው የኖርኩት መጽሐፍ ታተመ። ስሙ «የጓሳ ማዶ ልቅሶ» ይባላል። የመንዝ ሴቶች በልቅሶ ላይ የሚያወርዱትን የመሰለ የሙሾ ግጥም ነው። ጋዜጠኛ ሳለሁ በየመንደሩ ዞሬ የሰማሁት ጥቂት አለበት፤ አብዛኛው ግን ከራሴ ልብ የፈለቀ ነው። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ትልቅ ምረቃ ይደረግለታል።

አባትሽ አንቺ ስለምታዘጋጂያት «ደጋ» ስለምትባል ጋዜጣ ነግሮኛል። በአገሬ ጋዜጣ ላይ ስሜን ሳላይ እንዳልሞት አደራሽን። ሃያ ቅጂ ልኬልሻለሁ። ፊት ገጽ ላይ ደኅና አስተያየት ጻፊልኝ። እኔም ደኅና ማተሚያ ማሽን ከነቀለሙ ልልክልሽ ቃል ገብቻለሁ።

በአጥንትና በሥጋ የቅርብሽ፣
ምንይሉ በኃይሉ


መሐል ሜዳ
ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ምንይሉ በኃይሉ፤

ካሉበት አገር ድረስ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎን ያብዛልን። አባዬና እማዬ «ትራሙን ቀስ ብሎ ይንዳ በይልን» ብለዋል። እኛ ብርዱ ከመክፋቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሰንብቶ መጽሐፎቹ ትናንት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ደረሱ። እንኳን ደስ አለዎ! ከቤተ ሰባችን ደራሲ መውጣቱን ለተማሪዎቼ ሁሉ ነግሬአለሁ።

ጋሼ፣ «ደጋ» ጋዜጣ ስትባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎ። በወር አንዴ የምትወጣ አራት ገጽ ናት። በሳምንቱ ቀን አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ ሁለት መቶ ቅጂ አስባዛለሁ። ሦስተኛው ገጽ የደራሲዎቻችን ነው። ኃይለ ኢየሱስ የሚባል የግሼ ገበሬ በሦስት ደብተር የጻፈውን ልብ ወለድ በየወሩ አንድ ምዕራፍ እናወጣለን። ባለፈው ወር ቦታ ጠቦኝ ብዘለው አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ገበያ መሐል እጄን ይዛ «ልጅቷ ወንዙን ተሻገረች ወይስ ተወሰደች? ሳትነግሪኝ አትሄጃትም!» አለችኝ። ዓለም ከተማ ደግሞ ትዕዛዙ የሚባል መጽሐፍ ሻጭ አለ። አርባውን ቅጂ የሚወስደው እሱ ነው፤ መርሐቤቴ ውስጥ ማን ምን እንደ ጻፈም እየተከታተለ ይልክልኛል።

የእርስዎን መጽሐፍ በአንድ ጀምበር አንብቤ ጨረስኩት፤ እንባዬም መጥቷል። ግን እኔ የሙሾ አዋቂ አይደለሁም። ስለዚህ ቀየት መንደር ድረስ ሄጄ ለሚያውቁ እናቶች አነብላቸውና የነሱን ቃል ጨምሬ አወጣዋለሁ። እትዬ የትምወርቅ ይሥሐቅ የሚባሉ ስመ ጥር ሙሾ አውራጅ አሉ። እርስዎም ሳያውቋቸው አይቀሩም።

በመጽሐፍዎ የኮራች ልጅዎ፣
ሰርካለም ተገኘ


ጎተቦርግ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካለም፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ትናንት በእንግዳ እጅ ስለ ደረሰኝ ቶሎ መልስ ልስጥሽ ብዬ ነው።

ቀየት ድረስ መንከራተት አያስፈልግሽም። በዚህ ብርድ፣ በዚህ መንገድ፣ ለምን ብለሽ? አሮጊቶቹ የድሮውን ከአዲሱ እያደባለቁ ግራ ያጋቡሻል። እንዳትደክሚ ብዬ አስተያየቱን እኔው ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከሥሩ ስምሽን ብቻ አድርጊበት። ማተሚያው ተገዝቷል፤ በጥር ይጫናል።

የጠቀስሻትን ሴት አላስታውሳትም።

ምንይሉ


መሐል ሜዳ
ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ምንይሉ፤

ለጥምቀቱ እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከቀየት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ።

እትዬ የትምወርቅ ደጅ አምስት ሴቶች ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር። መጽሐፉን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ «ይበል!» እያሉ ሰሙኝ። ሦስት አራት ሙሾ ካነበብኩ በኋላ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። እኔ ደስ ብሏቸው መስሎኝ ቀጠልኩ። ገጽ አርባ አንድ ላይ «ለእናቴ» የሚለውን ደረስኩና፣

«ገና በምርኩዝሽ ሄድሽብኝ ቀድመሽ፣»

ስል እትዬ የትምወርቅ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ዳዴ ነው» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ገና በዳዴሽ ላይ ነው የሚለው። ምርኩዝ አይደለም። ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ብትቀድም ምን ይደንቃል?» አሉና፣ እኔ ሁለተኛውን መስመር ሳላነበው እሳቸው ቀጠሉት፤

«ማን ደግፎ ይሆን ዳገቱን ያወጣሽ።»

አሥራ ሁለቱንም ስንኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጨረሱት። መጽሐፉ በእኔ እጅ ነበር ጋሼ። እሳቸው አይተውት አያውቁም።

ጎረቤታቸው እትዬ አየለች «የትሜ፣ ይኼን ስታወርጂ ሰምቼሽ አላውቅም» አሏቸው።

«አላወረድኩትም። ለሕፃን ሙሾ አይወረድም። ጻፍኩት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን በሃያ አራት ዓመታቸው ፊደል ቆጠሩ። ማንበብ እንደ ቻሉ የመጀመሪያ ሥራቸው በየልቅሶው ያወረዱትን ሙሾ መጻፍ ነበር። ሰባት ደብተር ሞላ። በ1984 ዓ.ም. አንድ ጋዜጠኛ ከአዲስ አበባ መጣና «ጋዜጣ ላይ በስምዎ አወጣዋለሁ» ብሎ ደብተሮቹን ተረከበ። እሳቸው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኙ ቁጥር ጋዜጣ እያስገዙ ሲገልጡ አሥር ዓመት ኖሩ።

«ጋዜጠኛው ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሚመልሱትን አስቀድሜ አውቄው ነበር መሰለኝ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«የበኃይሉ ልጅ ነዋ። ምንይሉ። ያንቺው ዘመድ።»

ጋሼ፣ መጠየቅ ያለብኝን ልጠይቅዎ። ደብተሮቹ እርስዎ ዘንድ ናቸው? መልስዎን በጋዜጣዋ ላይ ከሳቸው ቃል እኩል ቦታ ሰጥቼ አወጣዋለሁ። የላኩልኝን አስተያየት ግን በስሜ አላወጣም፤ እኔ አልጻፍኩትማ።

መልስዎን የምትጠብቅ፣
ሰርካለም


መሐል ሜዳ
መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ምንይሉ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሁለት ወር ሆነው፤ መልስ አላገኘሁም።

የአንድ ሰው ቃል ብቻ ይዤ ስምዎን ማጥፋት አልፈለግሁም። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ የትምወርቅ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መጽሐፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ሠላሳ አንድ ሙሾ ጻፉ። የቅኔ መምህራችን መሪጌታ አትናቴዎስ መጽሐፉን ይዘው አንድ በአንድ አመሳከሩ። ሃያ ስምንቱ ቃል በቃል መጽሐፉ ውስጥ አለ። በሦስቱ ላይ አንዳንድ ቃል ተለውጧል። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው «የለወጠው ሰው ስንኙ አልገባውም» አሉ።

የሳቸውን ጽሑፍ በግራ፣ የመጽሐፉን በቀኝ አድርጌ በግንቦቱ «ደጋ» አወጣዋለሁ። እስከ ግንቦት መባቻ መልስዎን እጠብቃለሁ።

ሰርካለም ተገኘ


ጎተቦርግ
ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰርካለም ተገኘ፤

ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። እኔ ባልወልድሽም በአባት ወግ የምመክርሽ ሰው ነኝና ልብ ብለሽ አንብቢ።

ሙሾ የሕዝብ ነው፤ ባለቤት የለውም። ሴትዮዋ ከእናቷና ከአክስቷ የሰማችውን ከመክተብ በቀር ምን አደረገች? እኔ ባልወስደው ጎጆዋ ውስጥ አይጥ በልቶት ይቀር ነበር። ዛሬ በደኅና ወረቀት ታትሞ በዓለም ፊት ቆመ። ይህን ያደረገ ሰው ሊመሰገን ይገባው ነበር፤ አንቺ ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ችሎት አስችለሽ ከሰስሽኝ።

ምረቃው ሰኔ 8 ቀን ነው። የተጠሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አንዲት በፎቶ ኮፒ የምትባዛ ወረቀት ይህን ሁሉ እንድታበላሽ አልፈቅድም። ማተሚያው ጉምሩክ ደርሷል፤ ባዝዝ ይመለሳል። መሐል ሜዳም የማውቃቸው ሰዎች አሉኝ። ለአባትሽም ጽፌአለሁ።

የማን ዘር እንደሆንሽ አትርሺ።

ምንይሉ በኃይሉ


መሐል ሜዳ
ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ምንይሉ በኃይሉ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የግንቦቱ «ደጋ» ወጥቷል። አንድ ቅጂ አብሬ ልኬአለሁ።

መልስዎን ቃል እንደገባሁት በእኩል ቦታ አውጥቻለሁ። ዛቻው የኔና የእርስዎ ጉዳይ ስለሆነ ተውኩት። «እኔ ባልወስደው» ያሉትን ግን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ስጠይቅዎ የከረምኩት እሱን ነበርና እነዚያ ሁለት ቃላት በቂ መልስ ናቸው።

እንዴት እንደ ወጣ ልንገርዎ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ ባለቤቱ ወረቀቱን ሳያይ መለሰልኝ። «ስልክ ተደውሎልኛል፤ ልጆች አሳድጋለሁ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ቤት ስገባ አባዬ የእርስዎን ደብዳቤ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ዘመድ ነው። በኋላ በየልቅሶው በየሰርጉ ምን ብለን እንተያያለን?» አሉኝ።

«እሺ አባዬ፣ እትዬ የትምወርቅን ምን ብዬ ልያቸው?»

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እማዬ ራት አቀረበች፤ ነገሩን ሳናነሣ በላን። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ እሽግ ካርቦን ወረቀት አገኘሁ። ከሱቅ ገዝተው ያስቀመጡት አባዬ ናቸው። ስለ ጉዳዩ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ስድስት መምህራን ሆነን ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በእጃችን ጻፍነው። ስልሳ አራት ቅጂ ወጣው። አንደኛውን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ዓለም ከተማ ትዕዛዙ መነኸሪያው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ አንድ ሰው ቀደደው። ደግሞ ለጠፈ፤ ደግሞ ተቀደደ። ሦስተኛውን ለጥፎ ወንበር አመጣና ሥሩ ተቀመጠ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አነበበው፤ ማንበብ ለማይችለውም ትዕዛዙ ጮክ ብሎ አነበበለት።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጠርተውኝ «ይሄ ነገር ይቅርብሽ» አሉኝ። «ከተጻፈው ውስጥ ሐሰቱ የትኛው ነው?» ብላቸው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡትና መልሰው ሰጡኝ።

ማተሚያውን ይመልሱት። እኛ እንጽፋለን፤ ብዕር አላጣንም። እትዬ የትምወርቅንም ከዛሬ ጀምሮ «ሴትዮዋ» አይበሏቸው። ስም አላቸው።

የማን ዘር እንደሆንኩ አልረሳሁም። የተገኘ ልጅ ነኝ።

ሰርካለም


ጎተቦርግ
ነሐሴ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሰርካለም፤

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። ብቻ ደኅና ሁኚልኝ።

ምረቃው አልተደረገም። ጋዜጣችሁን አንዱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶት አሳታሚው እጅ ገባ። ደወለልኝና «ደብተሮቹ አሉ ወይስ የሉም?» አለኝ። «የሉም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ደብተሮቹ ግን ፊት ለፊቴ መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ ሰባቱም። «አሉ» አልኩት።

እውነቱን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ስወስዳቸው ላትማቸው ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም ውሸት አይደለም። ሙሾዎቹን ልናወጣ ስናዘጋጅ እሠራበት የነበረው ጋዜጣ ተዘጋ። ዛሬ ነገ እመልሳለሁ ስል ዓመት ዓመትን ወለደ፤ ስሰደድም ይዣቸው ወጣሁ። እዚህ አንድ የአገር ልጅ ሞቶ ልቅሶው ላይ ከደብተሩ አነበብኩ። ፈረንጅ አገር የከረመ ሰው ሁሉ እንደ ልጅ አለቀሰ። አንዱ አቅፎኝ «የማን ነው?» አለኝ። «የኔ ነው» አልኩ። ትራም ነጂ ሆኜ ስኖር ያን ቀን ብቻ ሰው «ደራሲው» ብሎ ጠራኝ። ከዚያ በኋላ መመለሻውን አጣሁት።

ምርኩዟን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስትሞት ለቀብሯ አልደረስኩም። እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ ለእሷ የምለው አንድ ቃል አጣሁ። የሌላ ሰው ቃል አነሣሁና ዳዴውን ምርኩዝ አደረግሁት።

ደብተሮቹን በመስከረም መጀመሪያ ለምትመጣ ዘመድ ሰጥቻለሁ። አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ ሰብስቦ እንደገና ላትም ብሏል። ሽፋኑ ላይ «የትምወርቅ ይሥሐቅ እና ምንይሉ በኃይሉ» ቢባል እትዬ የትምወርቅ ይፈቅዱ እንደሆን ጠይቂልኝ። እኔ ለመጠየቅ ፊት የለኝም።

ምንይሉ


መሐል ሜዳ
ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ምንይሉ፤

አዲሱ ዓመት የእውነት ዘመን ይሁንልዎ። እውነቱን ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ቀላል እንዳልነበረም አውቃለሁ። ደብዳቤዎን ቀየት ወስጄ አነበብኩላቸው። «መልሱን ልጻፍልዎት?» ብላቸው እምቢ አሉኝ። የጻፉትን እንዳለ ልኬአለሁ፤ አንድ ፊደል አልነካሁም።

ሰርካለም


ቀየት
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምንይሉ በኃይሉ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እጄ ግን ደኅና ነው።

ደብተሮቼ ደረሱ። ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ናቸው። ስድስተኛው ላይ ሻይ ደፍተህበታል። ሁሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ያኔ እጄ ገና ስላልተፈታ ፊደሌ እንደ ፍየል እግር ነው፤ ግን ይነበባል።

ሙሾ ባለቤት የለውም ብለህ ነበር አሉ። ባለቤት ከሌለው ስምህን ለምን ጻፍክበት? ይህን ከአንተ መስማት እፈልግ ነበር። አሁን ግን ሰርካለም ደብዳቤህን ስታነብልኝ ሰማሁት፤ ይበቃኛል።

በእናትህ ቀብር ነበርኩ። ቤታችሁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ልጇ ግን አልነበረም። ሙሾዋን ያወረድኩ እኔ ነኝ። ደብዳቤ ጽፈህ ብትጠይቀኝ የእናትህን የራሷን እሰጥህ ነበር። ደብተሬን ከወሰድክ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኸኝም። አሁንም በሌላ ወረቀት ጽፌ ልኬልሃለሁ፤ ውሰደው፤ ቁጭ ብለህ አልቅስበት። ስታሳትመው ግን ያወረደችው የትምወርቅ ናት በል።

ስለ ስሙ ጠይቀሃል። የትምወርቅና ምንይሉ አይባልም። አንተ አልጻፍክም። ደብተሩን ተሸክመህ ባሕር ተሻግረሃል፤ አልጣልከውም፤ አላቃጠልከውም። ያን ጻፍ፤ እውነት ስለሆነ አልከለክልህም። መጽሐፉን የጻፈችው ግን የትምወርቅ ይሥሐቅ ናት፤ ሽፋኑ ላይ እሷ ብቻ ትቁም። አሳታሚው በዚህ ካልተስማማ ይተወው። ሰርካለምና ጓደኞቿ በእጃቸው ይጽፉታል፤ እኔም አብሬአቸው እጽፋለሁ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለውን አስተካክል። ዳዴውን መልስ። «ለእናቴ» የሚለውን ሰርዝና «ለልጄ» በል። ሕፃን ናት፤ አይለቀስላትም ብለው አፌን ይዘውኝ ቀበርኳት። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ስሟን አንሥቼ አላውቅም። ከእንግዲህ ማንም አፌን አይዘኝም፤ ስሟን መጽሐፍ ላይ እፈልገዋለሁ።

ስምንት ወር ኖራለች። ገሊላ ትባላለች። ጻፈው።

የትምወርቅ ይሥሐቅ